በጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥና ዙሪያ የብረት ዕቃን ያለ ጉዳት መጠቀም፦ ዝርዝር መመሪያ

ዓሣዎቹ ይዋኛሉ፣ ይበላሉ። ቀንድ አውጣዎቹ ግን ከመስታወቱ እየለቀቁ ይወድቃሉ፤ ሽሪምፑ ሞቶ ይገኛል፤ ኮራሉም እንደተሸበሸበ ውሎ ያድራል። የአሞኒያና የናይትሬት ምርመራው ደህና ነው። እንዲህ ሲገጥማችሁ ቶሎ መጠርጠር ያለበት ብረት ነው፤ በተለይም መዳብ። ምንጩ ብዙ ጊዜ አንድ ቪት፣ አንድ ፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ወይም ፕላስቲክ የለበሰ ማግኔት ሆኖ ይገኛል።

ሰው በተደጋጋሚ የሚሳሳተው «ስቴንለስ ነው፣ አይዝግም» በሚለው እምነት ነው። ስቴንለስ ከዝገት የሚድነው ፊቱን የሸፈነው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን እስካልተበሳ ድረስ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ ደግሞ በሊትር 19 ግራም ያህል ክሎራይድ አለው፤ ክሎራይድ ያንን ሽፋን በነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። ስለዚህ አንድን ዕቃ ስትመርጡ ከምን እንደተሠራ ከማየታችሁ በፊት የት እንደሚቀመጥ ወስኑ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

## ቀድማችሁ አዘጋጁ

- ጠንካራ ማግኔት እና ትንሽ ሞረድ
- የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት
- ለጨው ውሃ የሚሆን የመዳብ መመርመሪያ
- 1 ሊትር የሚይዙ ንጹሕ የብርጭቆ ማሰሮዎች
- ከገንዳችሁ ጋር እኩል ጨዋማነት ያለው አዲስ የተበጠበጠ ውሃ (ብዙ ጊዜ በሊትር 35 ግራም፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንጻራዊ እፍጋቱ 1.026 አካባቢ)
- ነጭ አቼቶ እና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ

ማስጠንቀቂያ፦ እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት የገንዳውን ኤሌክትሪክ በሙሉ ከሶኬት ንቀሉ። ማሞቂያው ውሃ ውስጥ እንዳለ ከተነቀለ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ብቻ ከውሃ አውጡት፤ የሞቀ ብርጭቆ አየር ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል።

## ደረጃ 1፦ ቦታውን በሦስት ክፈሉ

ውሃ የሚነካው። ዋናው ገንዳ፣ የታች ገንዳ (ሰምፕ)፣ ቧንቧዎቹ፣ ስኪመሩ (በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣው ዕቃ)፣ ጨው የምትበጠብጡበት በርሜልና የተነነውን የሚተካ ውሃ የምታስቀምጡበት ዕቃ። እዚህ የሚፈቀደው ቲታኒየም ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ፕላስቲክ፣ ሴራሚክ ወይም ብርጭቆ ይሁን።

ጨው የሚረጭበት። ክዳኑ፣ ጠርዙ፣ መብራቱ፣ ከውሃው ፊት በላይ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያለው ቦታ፣ እንዲሁም ሰምፕ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጡ በሙሉ። 316 ስቴንለስ (ቁጥሩ የስቴንለሱ ዓይነት ነው፤ ደረጃ 3ን እዩ) ይቻላል፤ ግን እየታጠበ።

ደረቁ። የቁም ሣጥኑ ውጭ፣ ግድግዳው፣ የመቆሚያው እግር። ቀለም የተቀባ ብረት ይበቃል።

የሚያታልለው መካከለኛው ነው። ውሃ ውስጥ ያለን ብረት ሁሉም ይጠረጥራል፤ ከገንዳው በላይ የተንጠለጠለውን ግን ማንም አያየውም። አረፋ ሲፈነዳ ደቃቅ ጠብታ ይረጫል፣ ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል። ያ ጨው የደረቀ ይምሰል እንጂ አይደርቅም። የገበታ ጨው ከአየር እርጥበት ስቦ የሚሟሟው አንጻራዊው እርጥበት 75 በመቶ ሲደርስ ነው፤ በባሕር ጨው ውስጥ ያለው ማግኒዥየም ክሎራይድ ግን 33 በመቶ ላይ ራሱ ይርሳል። ስለዚህ በብረቱ ላይ የተጋገረው ጨው ቀኑን ሙሉ ከገንዳው በብዙ እጥፍ የጠነከረ የጨው ውሃ ሆኖ ይውላል። ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ዶሃ የምትኖሩ፣ የበጋው የባሕር እርጥበት ነገሩን ያባብስባችኋል። ከዚያ የዛገው ብረት ጠብታ ወደ ገንዳው ይወርዳል፤ ጥፋቱ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

## ደረጃ 2፦ የተደበቀውን ብረት አድኑ

በባትሪውና በመስታወቱ እያያችሁ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ያገኛችሁትን ሁሉ በወረቀት ጻፉ፤ በቃል ከያዛችሁት አንዱን ትረሱታላችሁ።

1. ከገንዳው በላይ፦ የመብራቱ መስቀያ ገመድ፣ መንጠቆው፣ የማራገቢያው ቪቶች፣ የክዳኑ ማጠፊያና እጀታ።
2. በገንዳው ውስጥ፦ የመስታወት ማጽጃ ማግኔት፣ የውሃ ማንቀሳቀሻ ፓምፕ መያዣ ማግኔት፣ የኮራል መደርደሪያ ማግኔት፣ የምግብ መቆንጠጫው ሽቦ፣ ለክብደት የታሰረ እርሳስ፣ የመረቡ ክፈፍ (ፕላስቲኩ ከተላጠ ሽቦው ወጥቷል)።
3. በቧንቧው መስመር፦ የብረት ኳስ ያለው መዝጊያ፣ ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ወደኋላ የማያስመልስ ቫልቭ፣ የናስ መገጣጠሚያ፣ የቱቦ ፋሼታ።
4. በማሽኖቹ፦ የፓምፑ መዘውር ዘንግ ሴራሚክ ነው ወይስ ብረት? የማቀዝቀዣው ጥቅልል ቲታኒየም ነው ወይስ መዳብ? ለንጹሕ ውሃ ዓሣ የተሠሩ አንዳንድ ማቀዝቀዣዎችና ለግቢ የተሠሩ ፓምፖች እዚህ ላይ ይጥላሉ።
5. በውሃው ምንጭ፦ የቤቱ ቧንቧ መዳብ ነው? ከአርኦ ማጣሪያው (ውሃን በስስ ሽፋን ገፍቶ ማዕድኑን የሚያስቀር) በኋላ ናስ አለ?

የመጨረሻው ላይ ትንሽ እንቆይ። ናስ ከማጣሪያው በፊት ቢኖር ብዙም አያሳስብም፤ ማጣሪያው ይይዘዋል። ከማጣሪያው በኋላ የሚወጣው ውሃ ግን ምንም ማዕድን የሌለው በመሆኑ ያገኘውን ብረት ይበላል። ስለዚህ ከማጣሪያው መውጫ ጀምሮ እስከ በርሜሉ ሁሉም ፕላስቲክ ይሁን፤ ተንሳፋፊ መዝጊያውም ጭምር። ከሞቀ ውሃ መስመር ደግሞ ፈጽሞ አትቅዱ።

ማግኔቶቹን ለብቻ መርምሩ። ጠንካራዎቹ ኒዮዲሚየም ናቸው፤ አብዛኞቹ በኒኬል፣ በመዳብና እንደገና በኒኬል ተለብጠው ከላይ በፕላስቲክ ወይም በኢፖክሲ ይታሸጋሉ። እሽጉ ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ከተከፈተ ውሃ ይገባል፣ ማግኔቱ ያብጣል፣ ልባጡም ወደ ውሃው ይወርዳል። ምልክቶቹ፦ ጎኑ የተነፋ ፕላስቲክ፣ በመጋጠሚያው ላይ ቡናማ መስመር፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚንገዳገድ ፊት። የፓምፑ መዘውር ካንገራገረ ወይም መዞር ካቃተው ውስጡ ያለው ማግኔት አብጦ ይሆናል። አንዱን ካያችሁ ዕቃውን በዚያው ሰዓት አውጡት። በማጣበቂያ መልሳችሁ አትሽጉት፤ ዝገቱ ከውስጥ ይቀጥላል።

## ደረጃ 3፦ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ ለዩ

በማግኔት። አጥብቆ ከሳበው ተራ ብረት ወይም ርካሽ ስቴንለስ ነው፤ ከጨው አርቁት። ካልሳበው ወይም በጥቂቱ ብቻ ከሳበው 304 ወይም 316 ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ማግኔት አይለያቸውም፤ «ማግኔት ስላልሳበው ለባሕር ይሆናል» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

በምልክት። የብሎኑን ራስ አንብቡ። ኤ2 ማለት 304 ነው፤ ኤ4 ማለት 316 ነው። 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስላለው ክሎራይድን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ቢሆንም ለብ ባለና በቆመ የጨው ውሃ ውስጥ እሱም ይበሳል። ምልክት የሌለውን እንደ ተራ ቁጠሩት።

በሞረድ። ነጭ የሚያብለጨልጭ ልባጥ ካለው በማይታይ ጎኑ ፋቁት። ቢጫ ከወጣ ናስ፣ ቀይ ከወጣ መዳብ ነው።

በክብደት። ቲታኒየም በሴንቲ ሜትር ኩብ 4.5 ግራም፣ ስቴንለስ 8 ግራም ያህል ይመዝናል። እኩል መጠን ካላቸው ሁለት ብሎኖች ቲታኒየሙ በእጅ ያስታውቃል።

## ደረጃ 4፦ ተኩ

- መዳብ፣ ናስ፣ ነሐስ፦ ውሃ ከሚነካው ቦታ ሁሉ ዛሬውኑ አውጡ። የዓሣ ጥገኛን ለማከም የሚሰጠው ያልታሰረ መዳብ በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም ነው፤ ዓሣ ይህን ይችላል፣ አብዛኛው ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕና ኮራል ግን ይሞታል።
- ጋልቫናይዝድ፦ ልባጡ ዚንክ ነው፤ እሱም መርዝ ነው። ከገንዳው በላይ እንኳ አትስቀሉት።
- አልሙኒየም፦ በመብራት አካል ላይ ይቻላል፤ ውሃ እንዲነካው አትፍቀዱ።
- እርሳስ፦ በድንጋይ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ተኩት።
- የቱቦ ፋሼታ፦ ማሰሪያው ስቴንለስ የሆነ እንኳ ማጥበቂያ ቪቱ ብዙ ጊዜ ተራ ብረት ነው፤ ማግኔቱን በሁለቱም ላይ ሞክሩ። ውሃ ውስጥ የናይለን ፋሼታ ተጠቀሙ።
- ብሎንና ዳዶ፦ ናይለን ይበቃል። ክብደት የሚሸከም ከሆነ ቲታኒየም።
- ማሞቂያ፦ ብርጭቆ ወይም ቲታኒየም፤ ሁለቱም በተለየ የሙቀት መቆጣጠሪያ በኩል።

ስቴንለሱን ኢፖክሲ ቀብቶ ማስገባት መፍትሔ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። በሽፋኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ታህል ከቀረች ዝገቱ እዚያች ነጥብ ላይ ይከማችና ከሽፋኑ ሥር ተደብቆ ይበላል፤ ታዲያ ባትቀቡት ኖሮ ቀድማችሁ ታዩት ነበር። ሲሊኮን መቀባት ደግሞ ሌላ ችግር አለው፦ የአቼቶ ሽታ ያለው የአኳሪየም ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ስለሚለቅ ብረቱን ራሱ ያዝገዋል።

## ደረጃ 5፦ ከመግጠማችሁ በፊት በማሰሮ ፈትኑ

ቲታኒየም ነው ተብሎ የተሸጠላችሁን ጨምሮ ማንኛውንም አዲስ ዕቃ ፈትኑ።

1. ዕቃውን በሳሙና አጥባችሁ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ከፋብሪካ የመጣ የማሽን ዘይት አይቅርበት።
2. ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ከውሃ በላይ ሆኖ በማሰሮው ውስጥ አንጠልጥሉት። ዝገት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በውሃው መስመር ላይ ነው።
3. ዳዶና ሮንዴላ ካለው አጥብቃችሁ ግጠሙት። ተለያይቶ ከተፈተነ ውጤቱ ያሞኛችኋል።
4. ሁለተኛ ማሰሮ ዕቃ ሳይኖረው በዚያው ውሃ ሙሉ፤ ማነጻጸሪያ ነው።
5. ሁለቱንም ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቦታ ለ4 ሳምንት አቆዩ። የተነነውን በንጹሕ ውሃ ሙሉ።
6. መጨረሻ ላይ ዕቃውን ፍቱ። ከሮንዴላው ሥር ቡናማ ነጥብ፣ ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ካለ ጣሉት።
7. የሁለቱን ማሰሮ ውሃ በመዳብ መመርመሪያው ፈትሹ።

ሰባተኛውን አትዝለሉ። ናስ አራት ሳምንት ሙሉ ደህና እየመሰለ መዳብ ሊለቅ ይችላል። በትልቅ ገንዳ ውስጥ የሚለቀው ስለሚቀጥን የቤት መመርመሪያ ዜሮ ያሳያል፤ በ1 ሊትር ማሰሮ ግን ተከማችቶ ይታያል።

## ደረጃ 6፦ ሲገጠም

1. ከገንዳው በላይ አትቦርቡሩ፣ አትቁረጡ፣ አትሞርዱ። ብናኙ ውሃ ውስጥ ይገባል። ዕቃውን ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱ፤ ካልተቻለ ገንዳውን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ማራገቢያዎቹንም አጥፉ።
2. ስቴንለስን ተራ ብረት በቆረጠ መጋዝ አትቁረጡ፣ በብረት ብሩሽም አትፈትጉ። የተራው ብረት ብናኝ ይቀበርበትና በጥቂት ቀን ይዝጋል።
3. ሁለት ዓይነት ብረት አታነካኩ። በጨው ውሃ ሲነካኩ ደካማው ይበላል። ትንሽ ብረት ከትልቅ ቲታኒየም ጋር ሲገጥም ጥፋቱ ይፈጥናል። የመብራቱን የአልሙኒየም አካል «ለማሻሻል» በቲታኒየም ቪት መግጠምም ቪቱን ያድንና አካሉን ያስበላል። የግድ ከሆነ በናይለን ሮንዴላና በናይለን እጅጌ ለዩአቸው።
4. ጠባብ ክፍተት አታስቀሩ። ከሮንዴላ፣ ከጎማ ወይም ከፋሼታ ሥር የታሰረ ውሃ ኦክሲጅኑ ያልቃል፤ ኦክሲጅን ከሌለ የስቴንለሱ ሽፋን ራሱን አይጠግንም፤ ክሎራይዱ ይጠራቀማል፣ ውሃውም ወደ አሲድነት ይሄዳል። ከላይ ሲያብረቀርቅ የነበረ ብሎን ከሥሩ ተበልቶ የሚገኘው ለዚህ ነው።
5. ቲታኒየምን በቲታኒየም ዳዶ በደረቁ አታጥብቁ። ጥርሱ ይያያዝና አይፈታም። የናይለን ዳዶ ተጠቀሙ፣ ወይም ለምግብ ዕቃ የሚፈቀድ የሲሊኮን ቅባት ቀቡና ቀስ ብላችሁ በእጅ አጥብቁ።
6. መብራቱን ቢያንስ በሁለት ራሳቸውን በቻሉ ገመዶች ስቀሉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዘው። ገመዱም መንጠቆውም 316 ይሁን።

ሲበላሽ፦ ብሎኑ ግማሽ ላይ ከተያያዘ በጉልበት አትቀጥሉ። ወደኋላ ሩብ ዙር፣ ወደፊት ጥቂት እያላችሁ በቅባት አውጡት። ካልወጣ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ከውሃ ውጭ።

## ደረጃ 7፦ ብረትና ኤሌክትሪክ

የገንዳው ዕቃ ሁሉ ወደ መሬት የሚፈስ ኤሌክትሪክን በሚያቋርጥ መከላከያ በኩል ይሂድ። በአሜሪካ ያለው 5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ላይ ይቆርጣል፤ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተለመደው 30 ሚሊ አምፔር ነው። ተራው ብሬከር ይህን አይተካም፤ ሽቦውን ከመቃጠል ያድናል እንጂ እናንተን አያድንም።

1. መከላከያውን በባለሙያ አስገጥሙ። ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል፦ ዋናው ፓምፕ በአንዱ፣ የውስጥ ፓምፖቹ በሌላው። አንዱ ሲቆርጥ ውሃው ሙሉ በሙሉ አይቆምም።
2. የመሬት ማስያዣ ዘንግ ከፈለጋችሁ ቲታኒየም ይሁን፤ ከመከላከያው በኋላ ብቻ ግጠሙት። ያለ መከላከያ ከገባ ለፈሳሹ ኤሌክትሪክ መንገድ ከፍቶ ሳይቆርጥ ያስኬደዋል። ከመከላከያ ጋር ሲሆን ግን የተሰነጠቀ ማሞቂያ እጃችሁ ሳይገባ ራሱን ያጠፋል።
3. የቲታኒየም ማሞቂያ ሦስተኛው የመሬት እግር ያለበትን ሶኬት ይፈልጋል። እግሩን ቆርጦ መሰካት ክልክል ነው።
4. እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንደገና ይውጣ፤ ጠብታው እዚያው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይውደቅ።
5. የመሰኪያውን ናስ እግሮች በወር አንዴ እዩ። አረንጓዴ ከያዙ ጨው ደርሶባቸዋል፤ ማከፋፈያውን ከሰምፑ ቁም ሣጥን አውጡ።

መልቲሜትር ውሃው ውስጥ 20 ወይም 30 ቮልት ቢያሳያችሁ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ከፓምፖች በመነሣሣት (ያለ ንክኪ፣ በኢንዳክሽን) የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ንባቡ በአንዴ የሚወርድበትን ለዩ፣ አውጥታችሁም ሽፋኑን መርምሩ።

## ደረጃ 8፦ ጽዳት

በሳምንት አንዴ የተጋገረውን ጨው በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉ፤ ወደ ገንዳው አትጣሉት፣ ዝገት ይዞ ሊሆን ይችላል። የጠነከረውን፣ ዕቃውን አውጥታችሁ፣ ግማሽ በግማሽ አቼቶና ውሃ አድርጋችሁ በጥርስ ብሩሹ አንሡት፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቁ። መቀስ፣ መቆንጠጫና ምላጭ ከተጠቀማችሁ በኋላ አጥባችሁ አድርቁ። የመከላከያውን የመሞከሪያ ቁልፍ በወር አንዴ ተጫኑ።

## ደረጃ 9፦ ጥፋቱ ከደረሰ

በመጀመሪያ መጠኑን ለዩ። ተራ ምላጭ ለአንድ ቀን ወድቆ ከዛገ አውጡት፣ ዝገቱን በቱቦ ምጠጡ፤ አትደንግጡ። የተራ ብረት ዝገት በአብዛኛው አልጌን ያበዛ ይሆናል እንጂ እንደ መዳብ አይገድልም። ናስ፣ መዳብ፣ ዚንክ ወይም የተሰነጠቀ ማግኔት ከሆነ ግን ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ።

1. ኤሌክትሪኩን ንቀሉ፣ ዕቃውን አውጡ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አስቀምጡት፤ የተበላውን ቦታ በኋላ ታዩታላችሁ።
2. ማንኛውንም ማጣሪያ ከመጨመራችሁ በፊት ለአይሲፒ ምርመራ (በውሃ ውስጥ ያለውን የብረት መጠን በላቦራቶሪ የሚለካ) ናሙና ቅዱ። የቤት መመርመሪያ ዜሮ ቢያሳይም ኮራል የሚጎዳ መጠን ሊኖር ይችላል።
3. የተዘጋጀ ሌላ ገንዳ ካለ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣውን አዛውሩ። ከሌለ በባልዲ አታጉላሏቸው።
4. ጨዋማነቱና ሙቀቱ እኩል በሆነ ውሃ 30 በመቶውን ቀይሩ። ከዚያ በሁለት በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ድገሙት፤ በጠቅላላው ሦስት ይሆናል። ከመጀመሪያው በኋላ 70 በመቶ፣ ከሁለተኛው 49፣ ከሦስተኛው 34 በመቶ ያህል ይቀራል። በአንድ ጊዜ አብዛኛውን መቀየር የተረፉትን ያስጨንቃል።
5. አዲስ አክቲቬትድ ካርቦን፣ ከእሱም ጋር ብረት የሚይዝ ማጣሪያ አስገቡ። ኩፕሪሶርብ የሚባለው ማጣሪያ መዳብ ይይዛል፤ ፖሊ ፊልተር የሚባለው ደግሞ መዳብ ሲይዝ ሰማያዊ ስለሚሆን እንደ ምርመራም ያገለግላል። ቀለሙ ከሞላ ለውጡት።
6. «ከባድ ብረትን ያከሽፋል» የሚሉ ጠብታዎችን አትደገፉባቸው። ብረቱን ያስሩታል እንጂ ከገንዳው አያወጡትም።
7. ከሳምንት በኋላ እንደገና ፈትሹ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁለተኛ የአይሲፒ ናሙና ላኩ።

ንባቡ ወርዶ እንደገና ከወጣ መዳቡ ከድንጋዩና ከአሸዋው እየተመለሰ ነው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት በመሆናቸው መዳብን ይይዛሉ፣ ከዚያም ቀስ ብለው ይለቁታል። አሸዋውን በከፊል በከፊል አውጥታችሁ ጣሉ፤ በአንድ ቀን ሁሉን ማንሳት የአሞኒያ ችግር ያመጣል። በመዳብ መድኃኒት ታክሞ የነበረ አሮጌ ገንዳ ከገዛችሁም ድንጋዩንና አሸዋውን አትቀበሉ፤ መስታወቱ ይታጠባል፣ እነሱ አይታጠቡም።

ሁለት ተከታታይ ምርመራ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ቀንድ አውጣ ብቻ አስገቡ። ለሁለት ሳምንት መስታወቱ ላይ እየወጡ ከበሉ ሽሪምፑን፣ ከዚያ ኮራሉን መልሱ።